ጥለት የሌለው ነጠላ

ባለፈው ወር፣ የክፍሉ ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ተማሪዬ እጇን አወጣችና፣ «መምህርት፣ ሊምቦ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ባሕር ዳር ከተማ የእንግሊዝኛ ቃላትን አመጣጥ ሳስተምር ጠጕሬ ሸብቷል። በዚያን ዕለት የያዝሁት ርእስ በሁለት ነገሮች መካከል መሆንን የሚገልጹ ቃላት ነበር። ሊምቦ ማለት ከዚህም ከዚያም ሳይሆኑ፣ ጉዳይ ሳይቆረጥ፣ ተንጠልጥሎ መቆየት እንደሆነ አስረድቼ ጨርሻለሁ። ልጅቱ የጠየቀችኝ ግን ትርጓሜውን አልነበረም፤ ቃሉን ነበር። «አስቤበት እመልስልሻለሁ» አልኋት። በቃል ጉዳይ እንዲህ ብዬ ስለማላውቅ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ አራግፌ ስወጣ በዐይኔ ላይ የመጣብኝ የመዝገበ ቃላት ገጽ አልነበረም፤ የወረታ መገንጠያ ነበር፤ በመገንጠያውም አጠገብ ጥለት የሌለው ነጠላ ለብሳ ደጃፏ ላይ የተቀመጠች ሴት። ያቺ ሴት እናቴ ናት።

ወረታ በልጅነቴ ሰው የሚያልፍባት እንጂ የሚደርስባት ከተማ አልነበረችም። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ ሐሙሲትን አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ሜዳውን እያቋረጠ ወደ ጎንደር ይሄዳል፣ ሌላው ዳገቱን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። አውቶቡስ ሁሉ መገንጠያው ላይ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ በአሥር ሳንቲም ሻይ ይጠጣል፣ በሌላ አሥር ሳንቲም ቦምቦሊኖ ይገዛል፤ ያልወረደው ደግሞ በመስኮት እጁን ዘርግቶ ከነሥሩ የተነቀለ የሽምብራ እሸት በእቅፍ ይቀበላል። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ቴፕ ነበር። ከማለዳ እስከ ማታ የሚጫወተው አንድ ካሴት ብቻ ስለ ነበረ ክሩ ተለጥጦ፣ ዘፋኙ ስለ ቀረች ወዳጁ የሚያዜምበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወፍርና ይጎተት ነበር። ዘፈኑ በእውነት እንደዚያ የተዜመ እየመሰለን እኛም ስናንጎራጉረው እዚያ ቦታ ላይ ድምፃችንን እንጎትት ነበር። የወንዶቹ የቴትሮን ሸሚዝ፣ ኮሌታው እንደ ክንፍ የሰፋው፣ የእኛ የልጃገረዶቹ ኮንጎ ጫማ፣ ክረምት ሲገባ ዋልካው ጭቃ ከእግራችን ላይ መጥጦ የሚያስቀረው፣ ዛሬ ሁሉም የለም። ዛሬ በዚያው ማእዘን ባጃጆች ተኰልኵለው ይጣራሉ፤ ነፋሱም ከሩዝ መፈልፈያ ቤቶች የገለባ አቧራ ያመጣል። ያኔ ሩዝ ለአገሩ እንግዳ ነበር፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሲሆን አሮጊቶቹ «ይኸ ነገር እህል ነው በረዶ?» እያሉ በጣታቸው ይነካኩት ነበር።

አባቴ ሜዳው ላይ ባለች አንዲት ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ከመገንጠያው ብዙ የማይርቅ ሆኖ፣ ከጓሮው ያለችውን ክፍል ከአዲስ አበባ ተመድቦ ለመጣ አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር አከራይተው ነበር። ስሙ ኃይሉ ነው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ግን «ቢትዊን» ይለዋል፤ ከሰሌዳው ጥግ በየቀኑ አንድ ቃል ይጽፍ ነበርና የመጀመሪያው ቃል ያ ነበር። በሆዱ ውስጥ «ሁለት» የሚል ቃል አለበት፤ ሁለት በሌለበት መካከል የለም፣ ብሎ አስተማረን። ስሙም ለራሱ ሆኖ ቀረ፤ የመኪናውን መንገድ ትቶ በጭቃው መሄድ የሚፈራ፣ ጭቃውንም ትቶ በመኪናው መንገድ መሄድ የሚፈራ፣ ሁልጊዜ ጥጉን ይዞ የሚሄድ ሰው ነበር። ማታ ማታ ከደጃፋችን ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራዬን ሲያይልኝ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተማሪ ይሆናል። አንድ ቀን ትዋይላይት የሚለውን ቃል ሲያፍታታልኝ፣ ሁለት ብርሃን ወይም ግማሽ ብርሃን እንደ ማለት ነው አለ። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ «እኛ ዐይን ያዝ ሲያደርግ እንላለን፤ ብርሃኑ ምን በወጣው፣ የሚያዘው ዐይን ነው እንጂ» አለች። መምህሩ፣ «እውነት ነው እመት» አለ።

ከሁሉ የማልረሳው ደፉን ያስተማረን ዕለት ነው። የደጃፋችንን ደፍ በጫማው ጫፍ ነካ እያደረገ፣ «ይህ ትሬሾልድ ይባላል» አለ። «የፊተኛው ወገን እህል ከማበራየት የመጣ ቃል ነው። የኋለኛው ደግሞ መያዝ ነው ይላሉ። ድሮ እንግሊዞች ወለላቸው ላይ ጭድ ይጎዘጉዙ ነበርና፣ ጭዱ እንዳይወጣ የሚይዘው እንጨት ለማለት ነው።»

ወንድሜ ማስረሻ ከእርሻ ገብቶ በማሰሮ ውኃ እግሩን እየታጠበ ነበር። ውኃውን ትቶ ቀና አለ።

«በሉኛ ጋሼ! እንግሊዝ ሆዬ በሬውን ደፉ ላይ ነዋ የሚያበራየው! ሴቶቹ ታዲያ በየት ዞረው ይገባሉ?»

«አንተ ልጅ፣ መምህሩን አትቀልድባቸው» አለች እናቴ፤ ወዲያው ግን ራሷን መግታት አልቻለችም። «ጭድ በደፍ የሚያዝበትስ የሰነፍ ቤት ነው።»

መምህር ኃይሉ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከብዙ ዘመን በኋላ ነገሩን በወጉ ሳጠና፣ የጭዱ ታሪክ ሰው ኋላ የፈጠረው ሆኖ አገኘሁት። የቃሉ ግማሽ በእርግጥ በእግር ከመርገጥ፣ እህልም ከማበራየት ይወለዳል፤ ሌላው ግማሹ ግን ከየት እንደ መጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ድምፄ እንዳይለወጥ እጠነቀቃለሁ። የወጣበት የታወቀ፣ የገባበት ያልታወቀ ቃል ነው።

ማስረሻ ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። ከእሱ በፊት አንድ ልጅ ሞቶ ነበርና፣ ሐዘኑን እንዲያስረሳ ነው ያን ስም ያወጡለት። ትምህርቱን ትቶ የሚያርሰው ባሕር ሸሽ ነበር። አገሩን ለማያውቅ ልንገር፤ ክረምት ጣና ሞልቶ፣ ርብና ጉማራም ከዳርቻቸው ወጥተው ፎገራን ውኃ ያደርጉታል። መስቀል ካለፈ በኋላ ባሕሩ ቀስ እያለ ያፈገፍጋል፤ ገበሬውም እግር በእግር እየተከተለ በርጥቡ መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ባሕር የሸሸው መሬት ስለ ሆነ ባሕር ሸሽ ይባላል። በክረምት የዓሣ ነው፣ በበጋ የበሬ። ማስረሻ ከዚያ ሲመለስ እስከ ጕልበቱ ጥቁር፣ ከጕልበቱ በላይ ቀይ ሆኖ ይመጣ ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት በአየር ላይ የሚሄድ ሰው ይመስላል። አንድ ማታ መምህሩን፣ «ጋሼ፣ ባሕር ሸሽን በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ?» አለው። መምህር ኃይሉ አሰበ፣ አንድ ሁለት ቃል ጀመረ፣ ተወው። «አንድ ቃል የለውም፤ በብዙ ቃል ነው የሚነገረው» አለ።

«እንግዲያስ ቋንቋው ገና አልደረቀም!» አለ ማስረሻ። «ሲደርቅ ንገሩኝ፣ ገብቼ ጓያ እዘራበታለሁ።»

የሄደው ከዚያው ከባሕር ሸሽ ሲመለስ ነው። ዘመኑ ወጣት ወንድ ልጅ ከገበያም ከመንገድም እየተነሣ ወደ ሰሜኑ ጦር ሜዳ የሚጫንበት ዘመን ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ ዘመኑ የምለው የለኝም። እኛ ያወቅነው በበሬዎቹ ነው። ዐይን ያዝ ሲያደርግ ሁለቱ በሬዎች ብቻቸውን፣ ነጂ ሳይኖራቸው፣ በልማዳቸው መንገድ መጥተው ደጃፋችን ቆሙ። እናቴ እስከ መገንጠያው ሮጠች፤ መኪናው ሄዷል። እሸት የምትሸጥ አንዲት ልጅ ናት ያየችው። «ከመኪናው ላይ ሆኖ ጮኸልኝ» አለች እያለቀሰች፤ «እምዬን በሬዎቹን አስገቢ በያት አለኝ።» እናቴ ተመልሳ በሬዎቹን አስገባች። በሩን ግን አልዘጋችም። ከዚያ ማታ ጀምሮ የቤታችን በር ተገጥሞ ያድራል እንጂ አይቈለፍም።

አንዱ ከሄደበት ተመልሶ በአንድ ወንዝ ማዶ በደኅና አየሁት አለን። ሌላው፣ ታሞ ከኋላ ቀርቷል ሲባል ሰማሁ አለን። ከዚያ ጦርነቱ አለቀና፣ በጎንደሩ መንገድ ወታደር የነበሩ ሰዎች በእግራቸው ይጎርፉ ጀመር፤ ልብሳቸው የነተበ፣ ዐይናቸው መንገዱን እንጂ ሰውን የማያይ። እናቴ በመገንጠያው ላይ በእንስራ ውኃ፣ በቁና ቆሎ ይዛ ትቆም ነበር። እኔም አብሬያት ቆሜ ጣሳውን አቀብል ነበር። «ልጄ፣ ማስረሻ የሚሉት፣ ረዥም፣ ግንባሩ ላይ የበሬ ቀንድ የጫረው ጠባሳ ያለው አላየህም?» ትላለች ለእያንዳንዱ። አንዱ ውኃውን ጨርሶ ጣሳውን መለሰልኝና፣ «እናቴ፣ ጠባሳ የሌለው አላየሁም» አላት። ፊቱን ረስቼዋለሁ፤ የጣሳውን ጠርዝ ጥርሱ ሲነካው የተሰማውን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከጊዜ በኋላ መንገዱ ባዶ ሆነ።

በአገራችን ሞት በመንገድ ላይ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከመኝታው ሳይነሣ፣ ሽማግሌዎች መጥተው ደፉን ይሻገራሉ፤ ያስቀምጡሃል፣ ከዚያ ይነግሩሃል። መርዶ ሳይመጣ ለቅሶ መቀመጥ በቆመ ሰው ላይ ማሟረት ነው። ለጎረቤቶቻችን ልጆች መርዶ ሲመጣ ጩኸቱን ሰምተን ነቅተናል፤ ወደ እኛ ደፍ ግን ማንም አልመጣም። አባቴንም የሙታን ጸሎት፣ ፍትሐቱን፣ እንዲያደርሱለት የለመኗቸው ነበሩ። «መርዶ ሳልሰማ ልጄን ሞተ ብዬ ለእግዜር አላወራም» አሉ። በቅዳሴ ጊዜ ከሕያዋን ነው ከሙታን ወገን የምትጠሩት ብዬ ደፍሬ ስጠይቃቸው፣ «እግዜር ስሙን ካላጣው ቦታውን አያጣውም» ብለው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

የጥለቱ ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሴት በደኅና ጊዜዋ ነጠላዋን የምትለብሰው ጥለቱ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጋ ነው፤ ሐዘን ሲደርስባት ታዘቀዝቀዋለች፣ ጥለቱም ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷን ይከባል። የሚያልፍ ሁሉ አይቶ ያውቃል፤ መጠየቅ አያስፈልገውም። እናቴ አንድ ቀትር ላይ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና፣ የጥለቱን ቀይ ማግ በወስፌ ጫፍ እያነሣች አንድ በአንድ ትመዝዘው ጀመር። ማጉ ሲወጣ ድሩ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ድሩንም ቆርጣ ጫፉን በነጭ ክር ሰፋችው። ከዚያ ወዲያ ነጠላ ባለቀ ቁጥር ሸማኔውን የምታዘው ያለ ጥለት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ ምላሷ የማታርፍ ሴት፣ በዚያው ሳምንት አይታ አላለፈቻትም።

«አንቺ የቄስ ሚስት፣ ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? ነጠላ ነው መግነዝ? ሐዘን እንደ ሆነ አዘቅዝቂው፣ ደስታ እንደ ሆነ ጥለቱን አምጪው!»

«ለሁለቱም አልደረስሁም፣ ጥሩነሽ» አለቻት እናቴ።

እትዬ ጥሩነሽ ቆማ ቀረች። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁለቱም የአውቶቡሱን መንገድ ሲያዩ ቆዩ።

እኔ መምህር ኃይሉን ያልሞተም ያልኖረም ሰው ያለበት ቦታ ስም እንዳለው የጠየቅሁት ያን ማታ ነው። ማስረሻ ከተጫነ ጀምሮ መምህሩ በሰሌዳው ጥግ ቃል መጻፍ ትቶ ነበር። ብዙ ካመነታ በኋላ፣ «ሊምቦ የሚሉት አለ» አለኝ በዝግታ፤ «ፈረንጆቹ ከገነትም ከሲኦልም ያልሆኑ ነፍሳት የሚቆዩበት ቦታ ይሉታል።» አባቴ ሰምተውት ኖሯል፣ ከጸሎታቸው ቀና ብለው፣ «በእኛ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ቦታ የለም፣ ልጄ» አሉት፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ይልቁንም ቦታው ቢኖር የሚወዱ ይመስሉ ነበር። መምህሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተዛውሮ ሄደ። በአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ አንዱን መሬት ላይ እንዳደረገ ዞሮ ያየን ይመስለኛል። ስለ እሱ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም፤ በየትኛው ወገን እንደምቈጥረው አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለብቻው አትሮንስ ላይ የሚቀመጠውን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በገለጥሁ ጊዜ መጀመሪያ የፈለግሁት ቃል ሊምቦ ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን የመነሻው ትርጕም ጠርዝ ነው ይላል፤ የልብስ ዘርፍ፣ የልብስ ጥለት። በሲኦል ጠርዝ ላይ ያለ ስለ ተባለ ነው ስሙ ለቦታው የተሰጠው። ደግሜ አነበብሁት። በዙሪያዬ ሰዎች ገጽ ይገልጣሉ፣ በመስኮቱ የቀትር ፀሐይ ይገባል፤ እኔ ግን የማየው ቀይ ማግ ከነጭ ጨርቅ ላይ ሲመዘዝ ነው። መጽሐፉን ከድኜ ወጣሁ። ጓደኞቼ ያኔ የያዝሁትን ሙያ ለምን እንደ መረጥሁ ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ ሌላ ነው።

አባቴ ካረፉ ዘመን አልፏል። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች የእናቴን ነጠላ ሊያዘቀዝቁ ይዘው ጥለቱን ሲያጡት እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። እኔ ክረምትም ስለማስተምር ወረታ የምመላለሰው በሳምንት መጨረሻ ብቻ ነው፤ እናቴ አሁን በጣም አርጅታለች፣ ወረታን ትተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላት አትሰማኝም፣ «ሲመጣ ማን ይቀበለዋል?» ነው መልሷ። ያቺ ተማሪዬ በጠየቀችኝ ዕለት ማታ እናቴ ስልክ ደወለች። «ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስደሽ አስታጥቢኝ» አለች። ቀጥላም፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «የደብሩ ቄስ ደግሞ መጥተው ነበር። ሳትሞቺ የልጅሽን ፍትሐት እናድርስለት፣ አንቺ ካለፍሽ የሚያለቅስለት የለም አሉኝ። ሳልሞት ልቁረጠው ብዬ ነበር። አልቆረጥልሽ አለኝ» አለች።

ቅዳሜ ወንዛዬ ወረድን። ሴቶች በሚታጠቡበት በኩል ፍል ውኃው ከድንጋይ ሥር እየተንተከተከ ይወጣል፣ እንፋሎቱም ሰው ከሰው ያደበዝዛል። እናቴን ደግፌ ውኃው ውስጥ አስቀመጥኋት። ነጠላዋን ሰጠችኝ። አቧራ ነክቶት ስለ ነበር ከታች በሚፈስሰው ውኃ ላይ በሳሙና አጠብሁት፤ ሳጥበውም በአንደኛው ጫፍ ላይ የኑግ ፍሬ የምታክል፣ ዝገት የመሰለች የክር ቋጠሮ እጄን ነካችኝ። የተወታተበ ነገር ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ ልማዴ ነው። በጥፍሬ ፈልቅቄ ፈታኋት። ክሯ አርጅታ ኖሮ ብጥስጥስ ብላ ከአረፋው ጋር ሄደች። ነጠላውን በቍጥቋጦ ላይ አድርቄ፣ እናቴን ካወጣኋት በኋላ አለበስኋት። ጣቶቿ የነጠላውን ጫፍ ተከትለው ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። ተመለሱ። ሌላውን ጫፍ ያዙ።

«ቋጠሮዋስ?» አለችኝ።

«የቷ ቋጠሮ?»

«ቀይዋ። ጫፉ ላይ ያለችው።»

«እሷማ... ክር ተወታትቦ መስሎኝ ፈታኋት፣ እምዬ።»

«ፈታሻት?»

«ፈታኋት።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እንደምትቈጣ ጠብቄ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «የመጀመሪያው ጥለት ክር ነበረች» አለች። «ነጠላ በለወጥሁ ቁጥር ወደ አዲሱ አዛውራታለሁ። ሲነጋ ቋጠሮዋን ወደ ታች አድርጌ እለብሳለሁ፣ ዛሬ ይመጣል ብዬ። የመጨረሻው የጎንደር አውቶቡስ ሲያልፍ ወደ አንገቴ እገለብጣታለሁ። አዘቅዝቄ አለቅስለታለሁ። ሲነጋ ደግሞ አቀናለታለሁ። ጥለት ስለሌለው ማንም አይቶ አያውቅም፣ አባትሽም።»

«በየቀኑ፣ እምዬ?»

«እንዴ! እሱስ በየቀኑ አይደለም የሚቀረው?»

እንፋሎቱ በመካከላችን ያልፋል። አጠገባችን አንዲት ሴት ልጇን እየታገለች ራሱን ታጥባለች። እናቴ ባዶውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው፤ «እኔ እኮ የሚፈታው ቄስ መስሎኝ ነበር» አለች። ቃላትን ሳፍታታ ነው የኖርሁት፤ ፍትሐት የሚባለው የሙታን ጸሎት ትርጕሙ መፍታት እንደሆነ ለተማሪ ሁሉ መናገር እችላለሁ። በዚያ ድንጋይ ላይ ግን ቃሉን ገና ያን ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ። ምን እንደ ፈታሁ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ለማንም ያልነገርሁትን የሊምቦን ነገር ነገርኋት፤ ፈረንጆቹ እንዲያ ላለው ነገር ያወጡለት ስም ሥሩ የልብስ ጥለት እንደ ሆነ።

«ጥለት? የነጠላ?»

«የልብስ ጠርዝ፣ አዎን።»

ከመስኮቱ ውጭ ሩዙ ከውኃው ብቅ ብሎ ሜዳውን አረንጓዴ አድርጎታል። ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ «እነሱም ልጅ ጠፍቶባቸው ኖሯል» አለች።

ወረታ የደረስነው ዐይን ያዝ ሲያደርግ ነው። እናቴ እንደ ልማዷ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ባጃጆቹ እየተበተኑ፣ መብራቱ አንድ በአንድ እየበራ ሳለ፣ የመጨረሻው የጎንደር አውቶቡስ መገንጠያው ላይ ቆመ፣ ሁለት ሰው አወረደ፣ ሄደ። የወረዱት ወደ ደብረ ታቦሩ መንገድ ታጠፉ። የእናቴ እጅ በልማዱ ወደ ነጠላው ጫፍ ተነሣ፤ ግን ሁለቱ ጫፎች አንድ ሆነዋል፣ የትኛው ሐዘን የትኛው ደኅና እንደ ሆነ የሚለይ የለም። እጇ በአየር ላይ ቆመ። የአባቴ ለቅሶ ላይ የሴቶቹ እጅ እንዳደረገው ነበር። ያን ማየት አልቻልሁም። ገብቼ ከመስፊያ ዕቃዋ ውስጥ ቀይ ክር አመጣሁ።

«ልቋጥርልሽ፣ እምዬ? ከሁለቱ የቱ ጫፍ ላይ ላድርገው?»

ክሩን ከእጄ ወስዳ ወደ መብራቱ ያዘችው። አዲስ ስለ ነበረ በጣም ቀይ ነበር። መልሳ ሰጠችኝ።

«ይደር» አለች።

ዳኛ ነገሩ ሳይለይለት ሲመሽበት የሚለው ነው፤ ገበሬ በከብት ዋጋ ሳይስማማ ሲቀር የሚለው ነው። አልተፈረደም፣ አልቀረምም፤ ሌሊቱን ይደር። ተማሪዬ የጠየቀችኝ ቃል አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ክሩን ጠቅልዬ በኪሴ ከተትሁ፣ በሩንም እንደ ወትሮው ገጥሜ ተኛሁ።

የነቃሁት የበሩን ድምፅ ሰምቼ ነው። ጎሕ እየቀደደ ነበር። የእናቴ መኝታ ባዶ ነው። ብድግ ከማለቴ በሩ ተከፈተና በምርኵዟ ተደግፋ፣ አንድ እግሯን እያስቀደመች ሌላውን እያስከተለች፣ ከውጭ ደፉን ተሻግራ ገባች። ከቤቷ ወጥታ፣ እንደ ሽማግሌዎቹ ከደጅ ነው የመጣችው። 

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አለችኝ።

«እምዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ቁጭ በይ።»

ተቀመጥሁ። እሷ ቆማ ቀረች፣ መርዶ ነጋሪ አይቀመጥምና።

«እንግዲህ ልጄ፣ የማይቀር ነው፤ በአንቺ የተጀመረ አይደለም። አይዞሽ። ወንድምሽ ማስረሻ ዐርፏል።»

የሰማሁትን ጩኸት የማን እንደ ሆነ አላወቅሁም ነበር፤ የጎረቤት በሮች ሲከፈቱ ነው የእኔ መሆኑን ያወቅሁት። ከራስጌዬ ነጠላዬን አነሣሁ። የእኔ ጥለት ነበረው። አዘቀዘቅሁት።